በሕመምተኞች አግዳሚ ላይ የተደረገ ጉባኤ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? እማማ እንዴት ናት? ብርድ ሲመጣ ጉልበቷን እንደሚብስባት ስለማውቅ ሰሞኑን ሳስባት ነው የከረምኩት። ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ ያቺ አፈኛዋ የመጨረሻ ልጅሽስ እንዴት ናቸው? እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስል አባባንም ጨምሬ ነው፤ እዚህ ላይ እስቲ ትንፋሽሽን መልሺና ቁጭ በዪ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ገና «አባባ» ስልሽ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፣ እኔም ስሰማሽ እከተልሻለሁ፣ ሒሳቡ ያልቅና ምንም ሳንነጋገር እንለያያለን። ባለፈውም የሆነው እንዲሁ ነው። ደብዳቤ ግን ቢያለቅሱበትም አይቋረጥም። ደግሞ አውቅሻለሁ፣ ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለሽ እንዳታነቢ። ተራሽን ጠብቂ፤ እኛም ስንጠብቅ ነው የከረምነው።

አባባን አሳፍረሽ ስትልኪልኝ ያልሽኝን አልረሳሁትም። እዚያ ያለው ሐኪም የስኳር ቁስል ነው፣ ቶሎ ካልታከመ እግራቸው ይቆረጣል ብሎሽ፣ አንቺም «አንቺ መድን አለሽ፣ እኛ የለንም፤ እግራቸውን ላንቺ ሰጥቻለሁ» አልሽኝ። እኔም የአውቶቡስ ድርጅት ትኬት ቆራጭ፣ የሠራተኛው የጤና መድን አባል፣ ከደመወዜ በየወሩ ሳልጠየቅ የሚቆረጥብኝ፣ አባትና እናቴን በስሜ ያስመዘገብኩ ሰው፣ ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኳቸው።

ለካ መድን ሌላ፣ ሕክምና ሌላ ኖሯል። የመድናችን ክሊኒክ የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነበር። ሾፌሩም ትኬት ቆራጩም ጠዋት መንገድ ላይ ነው፤ እንግዲህ ማንን ለማከም እንደተከፈተ እኔንጃ። ከሥራ ቀርተሽ፣ ጎህ ሳይቀድ ሄደሽ ተራ ብትይዢ እንኳ የምታገኚው ሐኪም ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ነው። አባባ በሄዱ ቁጥር ፋሻቸውን ፈትተው ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ ይጀምራሉ፣ ሐኪሙም ያንኑ ቅባት ያዝላቸዋል። ወደ ቁስል ስፔሻሊስት ለመሄድ ሪፈር ያስፈልጋል፤ ሪፈሩን የሚያጸድቀው ከከተማው ሌላ ጫፍ ያለው ዋና ቢሮ ነው፤ እዚያ ስሄድ የሚፈርሙት ሰውዬ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። የምን ስብሰባ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። እንዲህ ስንመላለስ ትንሿ የእግራቸው ጣት ጠቆረች። ያኔ ቆሽቴ አረረ። ፍርሃቴም ከንዴቴ አያንስም ነበር።

ታውቂኛለሽ፣ ሲነኩኝ ዝም አልልም። ዘንድሮ በመድኑ ኮሚቴ ውስጥ ተመርጫለሁ፤ የተመረጥኩትም ድምፄ ከአውቶቡሱ ፊት እስከ ኋላ ስለሚሰማ ነው ይሉኛል። የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ በየዓመቱ የሚደረገው ሆቴል ውስጥ ነው። ሪፖርት ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ምሳ ይበላል፣ የመድኑ ስም የታተመበት ጃንጥላ ይታደላል፣ ሁሉም ጃንጥላውን ይዞ ወደ ቤቱ። ቤቴ ውስጥ ያለውን የጃንጥላ ብዛት ብታዪ ዝናብ የምንሸጥ ይመስልሻል።

እኔም በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የዘንድሮው ጉባኤ በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ይደረግ አልኩ። ሳቁብኝ። የመድኑ ሊቀመንበር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የሚታከሙት ሌላ ቦታ ስለሆነ ክሊኒኩን ከበሩ አልፈው አያውቁትም። ሕመምተኞቹን እንረብሻቸዋለን ብለው ሐሳቤን ሊያልፉት ሲሉ፣ «ሕመምተኞቹ እኮ እኛው ነን» አልኳቸው። «ፍሬን» የምንለው ሾፌር አለ፤ ስሙ የወጣለት የተነሣውን ሐሳብ ሁሉ ስለሚያስቆም ነው። ይቃወመኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ እሱም ወገቡን ለመታየት ደጋግሞ ሄዶ ሳይታይ የተመለሰ ኖሯል፣ «እኔ እደግፋለሁ፤ ምሳውም ይቅር» አለ። ፍሬን ከለቀቀ ማን ያቆማል፤ ሐሳቡ አለፈ።

የጉባኤው ቀን መጠበቂያው ክፍል ጢም ብሎ ሞላ። አግዳሚዎቹ ለወትሮው ሕመምተኛም አይበቁ፣ አብዛኛው ተሰብሳቢ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሕፃን ያለቅሳል፣ አዛውንት ይስላሉ፣ ነርሷ በየመሀሉ ተራ ትጠራለች። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ዘበኛው ዘንድ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል፤ የመድኑ ሒሳብ ሹም በሩ ላይ እግሩን እያነባበረ ሲጠብቀው ማየት ለብቻው አንድ ትርኢት ነበር።

ሊቀመንበሩ ቀደም ብለው መጥተው ኖሮ፣ ባዶ ሆኖ ያገኙት ቦታ አባባ አጠገብ ነው። አባባም የታሸገ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው፣ ሰውዬውን አዲስ ሕመምተኛ አድርገዋቸው ቁጭ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ እሰማለሁ። መጀመሪያ ላቋርጣቸው ፈልጌ ነበር፣ ቀጥሎ ግን እንኳንም አፌን ዘጋሁ አልኩ። ከምሰሶው ሥር አይቀመጡ፣ ነርሷ ስትጠራ አይሰማዎትም አሏቸው። ትራስ ነገር ይያዙ፣ እንጨቱ ይጎዳል አሏቸው። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሐኪሙ ስለሚቸኩል የባሰብዎትን አስቀድመው ይናገሩ አሏቸው። ሊቀመንበሩም እሺ፣ እሺ ይላሉ፤ ምን ይበሉ። ከዚያ አባባ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን አይንገሩ። ነገ የሚያገኙት ሌላ ሐኪም ነው፤ ለእሱም የሚነግሩት ያስፈልግዎታል። እኔ እንኳ እግሬን ሳይቆርጡኝ በፊት አንድ ሐኪም ሁለቴ ቢያየኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ምሬት የለበትም፣ እታለም። ምክር ነው የሰጧቸው፣ ያውም ከልባቸው። ሊቀመንበሩ ንግግር እንዲያደርጉ ሲጠሩ አባባ ደግፈው ሊያስነሷቸው እየሞከሩ፣ «ተራዎ ደረሰ፣ እግዜር ይማርዎት» አሏቸው። ሰውዬው ወደ ሐኪሙ ክፍል መሄዱን ትተው ድምፅ ማጉያውን ሲይዙ፣ አባባ አፋቸውን ይዘው ቀሩ።

ሊቀመንበሩ ሪፖርታቸውን ገለጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ «አገልግሎታችን በከፍተኛ ደረጃ ተሻሽሏል» ብለው አንድ መስመር ብቻ አነበቡ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ይህን ሆቴል ውስጥ ማንበብ ይቀለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ አሁን ያስተማሩኝን ልንገራችሁ ብለው ስለ ምሰሶው፣ ስለ ትራሱ፣ ነገ ስለሚመጣው ሌላ ሐኪም አንድ በአንድ ተናገሩ። ሲጨርሱ የሳቀ አልነበረም።

የዕለቱ ተረኛ ዶክተር በሯ ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ እጇን አወጣች። አባል አይደለችም፣ ግን ማን ሊከለክላት። ሪፈሩ ዋና ቢሮ መሄዱ ይቅርና እዚሁ በእኔ ፊርማ ይለቀቅ፣ ያለአግባብ የላክሁት ካለ ጠይቁኝ አለች። የስኳርና የደም ግፊት ሰዎችም ለየሐኪሙ ይደልደሉና ሁልጊዜ ያው ሐኪም ይያቸው አለች። ከሥራ በኋላ ከተከፈተም እኔ ተራ እገባለሁ፣ ቁስል የሚያጥብ አንድ ነርስ ብቻ ጨምሩልኝ አለች። ሒሳብ ሹሙ በመጨረሻ ቁልፉን አግኝቶ ፊቱ ፈካ ብሎ ተመልሶ ነበርና፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቀ። ፍሬን ከግድግዳው ሥር ሆኖ «ከጃንጥላው» አለ።

ያን ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እውነትም የሆቴሉ፣ የምሳውና የጃንጥላው ወጪ ሲሰላ የምትጨመረውን ነርስ ደመወዝ ችሎ ተገኘ። ከክሊኒኩ የሚጠፋውን መድኃኒትም ከሌሎች ድርጅቶች መድኖች ጋር ተባብረን በጅምላ ለመግዛት ተስማማን፤ አሁን መጥቷል፣ ከኪሳችን የምንጨምረውም ቀርቷል። ዶክተሯ ባለችው ሁሉ ላይ ድምፅ ሲሰጥ የወጣውን እጅ ብታዪ፤ ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ሳይቀር። አባባም መድኑ የሁላችን ነው ብለው ሁለት እጃቸውን አወጡ፤ አንዱን አስወረድኳቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ እታለም። እንባዬም መጣ፤ አልዋሽሽም።

በዚያው ሳምንት ሪፈሩ ተጻፈልን። ስፔሻሊስቱ ትንሿን ጣት ማትረፍ አልቻለም፤ ያን አልደብቅሽም፣ ወስደዋታል። የቀረው ግን ተርፏል። ደግሜ ልጻፈው፣ አንቺም ለእማማ ደግመሽ አንብቢላት፦ የአባባ እግር አልተቆረጠም። አዲሷ ነርስ በአንድ ቀን ልዩነት እያጠበችላቸው ቁስሉ ገጥሟል፣ ያቺው ዶክተር እየተከታተለች ስኳራቸውንም ወደ ልኩ አውርዳዋለች። ስለ ጣቷ የጠየቃቸው ሰው ካለ፣ «ትንሿ ሁልጊዜ አስቸጋሪ ነበረች» ይሉና ዞር ብለው እኔን ያያሉ።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነ አልልሽም። ማታ ማታም ሰልፍ አለ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ አሁንም ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው፤ ቀጣዩ ጦርነቴ እሱ ነው። ሊቀመንበሩ ግን አሁን አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፣ ከሕመምተኞቹ ጋርም ይቀመጣሉ። አባባ መጀመሪያ አፍረው ይሸሿቸው ነበር፤ አሁን ስለ ክሊኒኩ ምን እንደጎደለ የሚነግሯቸው እሳቸው ናቸው። ፍሬን ደግሞ አባባን «አማካሪው» ብሏቸዋል።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማን ጉልበቷን ስመሽ፣ የምትፈራው ሁሉ አልፏል በዪያት። ባለቤትሽን ለዚያ ሁሉ ጊዜ አባባን አዝሎ ሐኪም ቤት ስላመላለሰልን ጀርባውን እግዜር ያጽናለት በዪልኝ። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዳይፈራ፣ አክስቱ ሊቀመንበር ፊት እንኳ አልፈራችም በዪው። መካከለኛዋን ጉንጯን ስመሽ፣ አፈኛዋን ደግሞ በእኔ ስለወጣች እንዳትቆጫት። ጎረቤቶቻችንንም አንድም ሳታስቀሪ ሰላም በዪልኝ።

አባባ የፊታችን እሑድ ይሳፈራሉ፤ ለክትትል በየጊዜው እዚህ ይመላለሳሉ፣ ኑሯቸው ግን ከእማማ ጋር ነው። መናኸሪያ ልትቀበያቸው ስትሄጂ አንድ አደራ ብለውኛል። ዶክተሯ ሰፊና ለስላሳ ጫማ ይሁን ስላለች፣ ያንን ቡናማ ሰፊ ጫማቸውን አጽድተሽ ይዘሽላቸው ሂጂ። ከመናኸሪያው እስከ ቤት በእግሬ ነው የምሄደው ብለዋል። እታለም፣ ጫማውን ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ። ሁለቱንም።

ታናሽ እህትሽ፣
ከአውቶቡሶቹ ዴፖ ማዶ ካለው ቤቴ፣
ጥር 18 ቀን