አምስት መቶ ቁጭ ብድግ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለምሳሳልሽ ለእታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ መርፌ የበዛበት ግራ ክንድሽ እንዴት ነው? እብጠቱ ጎደለ ወይስ እንደዚያው ነው? ከማሽኑ ስትነሺ የሚይዝሽ ብርድስ ቀነሰልሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ጥማቱን እንዴት እየቻልሽው ነው? ሾፌሩ ባልሽ አሁንም ከመንገድ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ ያንቺን እግር ነው የሚያየው? ልጅሽስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የእማዬ ጉልበትስ? ይህን ሁሉ የጠየቅኩት ስለናፈቃችሁኝ ነው፤ ግማሹ ግን የራሴን ወሬ ለማዘግየት ነው። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ልጅ ሆኜም የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ የምጠይቀው ብርጭቆ የሰበርኩ ቀን ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ነገሩን ከሆስፒታሉ ቢሮ በሚመጣ ወረቀት ከምትሰሚው ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። እታለሜ፣ ኩላሊቴን ልሰጥሽ አልችልም። ሐኪሞቹ ስሜን ሰርዘውታል። ጥፋቱን የማላክክበት ሰው የለኝም፤ በገዛ እጄ ነው፣ በገዛ እግሬ ብል ደግሞ ይበልጥ እውነት ይሆናል።

ያን ጊዜ ደማችን ገጠመ ሲሉን በስልክ ሁለታችንም እንዳለቀስን አትረሺውም። ባልሽ ተመርምሮ አልገጠመም፤ እማዬ ስኳር አለባት፤ ልጅሽ ገና ሕፃን ናት፤ ከዘመድ ውጭ ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም። ዞሮ ዞሮ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ የፈለገብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰማንያ ስምንት ኪሎ ነህ፣ በሦስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ኪሎ ቀንስ፣ በቀጠሮህ ሐሙስ ሚዛን ላይ ወጥተህ ሰባ ዘጠኝ ከሆንክ የቀዶ ጥገናውን ቀን እንቆርጣለን፣ እህትህም ትምጣ አለኝ። አንቺን የሚያዩሽ ሐኪሞች ደግሞ የደም ሥርሽ ከዓመቱ ማለቂያ በላይ ደምሽን የሚያጥበውን ማሽን እንደማይሸከም ነግረውሻል። ይህን አውቄ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት።

ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው። ቁጭ እንዳልኩ ጨርቁ ይመጣልኛል፣ ቁጭ እንዳልኩ ይወሰድልኛል፤ ከወገቤ በታች ፔዳሉን ከሚረግጠው ቀኝ እግሬ በቀር ሥራ ያለው የለም። ፎቶዬን አይተሽ ቦርጭህ ካንተ ቀድሞ በር ይገባል ብለሽ የሳቅሽብኝ እውነትሽን ነበር። ሐኪሙ ዘጠኝ ኪሎ ባለኝ ማግሥት ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ያለ ጂም ተመዘገብኩ። አሠልጣኟ በወጣትነቷ ሯጭ የነበረች፣ ሳቅ የሚባል የማታውቅ ሴትዮ ናት። ደብተሬ ላይ አርባ ቁጭ ብድግ ጻፈችልኝ፤ አሥር አሥር እያልክ፣ በመሃል እያረፍክ፣ ውኃ እየጠጣህ፣ ከአርባ ግን እንዳታልፍ አለችኝ። የመጀመሪያውን ወር ቀጥ ብዬ ሄድኩ፤ አራት ኪሎም ጣልኩ። ከዚያ የአንድ ትልቅ ሆቴል የሁለት መቶ መስኮት መጋረጃ መጣ። ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ስል ሁለት ወር እንደ ቀልድ አለፈ። ለሐሙሱ ቀጠሮ አምስት ቀን ሲቀረው ሚዛን ላይ ብወጣ ሰማንያ አራት ላይ ተገትሬ ቀርቻለሁ።

አንቺ በስልክ እንዴት ነው ኪሎው ስትዪኝ እየወረደ ነው እያልኩሽ ነበር። ሻንጣሽን እንዳዘጋጀሽም ነግረሽኛል። ያን ዕለት ላብ አጠመቀኝ፤ ገና ምንም ሳልሠራ።

በቀሩት አምስት ቀናት ኪሎውን ለመጣል ለምን ቁጭ ብድግ እንደመረጥኩ ሌላ ሰው አይገባውም፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪው በክፍሉ ሁሉ ፊት መቶ ቁጭ ብድግ ፈረደብኝ። አንቺ ከስድስተኛ ክፍል መስኮት አይተሽ እየሮጥሽ መጣሽና፣ ግማሹን እኔ ልሥራለት፣ የአንድ እናት ልጆች ነን አልሽው። ሰውዬው ሳቁ መጣና ፈቀደ። ሃምሳ አንቺ፣ ሃምሳ እኔ። በማግሥቱ ደረጃ መውረድ አቅቶን በቂጣችን እየተንሸራተትን ስንወርድ እማዬ ምን ነካችሁ ብትለን ይበልጥ ሳቅን። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ። እኔ ከዚያ አስተማሪ ሒሳብ አልተማርኩም፤ የተማርኩት የጡንቻ ሕመም እንደሚሳቅበትና በሦስተኛው ቀን እንደሚሄድ ነው። ጉድ የሠራኝ ይኸው ትምህርት ነው።

ቅዳሜ አሠልጣኟ ዕረፍት ነበረች። አምስት መቶ ልሥራ ብዬ ቆርጬ ገባሁ። ሁለት መቶ ላይ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሦስት መቶ ላይ ግድግዳ ይዤ ነው የምነሣው። መቶ በሞላ ቁጥር ሃምሳው የእሷ፣ ሃምሳው የኔ እያልኩ እቆጥር ነበር። ያንቺን ሃምሳ የምመልስልሽ መስሎኝ ነበር እታለሜ። አምስት መቶውን ስጨርስ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ለብቻዬ ሳቅኩ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ይህ አልበቃ ብሎኝ ውኃ ለሚዛን ይከብዳል ብዬ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ አፌን ከማራስ በቀር አልጠጣሁም።

እሑድ ሽንት ቤት መቀመጥም መነሣትም አቃተኝ። ሳቅኩ። ሰኞ ሱሪዬ ከጉልበቴ በላይ አልወጣም አለ፤ በሜትር ብለካው ሃምሳ ስምንት ሳንቲ የነበረው ጭኔ ስልሳ ሰባት ሆኗል። ቆዳዬ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት እንደ እንጨት ነው። የሠለጠነ ልብስ ሰፊ ምን ያደርጋል? የሱሪዬን የጎን ስፌት ፈትቼ፣ የመጋረጃ ቁራጭ ቀጥዬበት ሥራ ገባሁ። በካውያ የሚተኩሰው ባልደረባዬ፣ ወሬ አይቋጥርምና ጋዜጣ የምንለው፣ እግሬን አይቶ፣ ሰውዬ፣ ሰው እንዲህ አያብጥም፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብሎ ለመነኝ። እኔ ደግሞ ሐኪሞቹ እንዲህ ሆኜ ካዩኝ ይሰርዙኛል፣ ሐሙስ እስኪደርስ ዝም በልልኝ አልኩት። ለጥርሱ የታዘዘለትን የሕመም ማስታገሻ ለምኜው በቀን ሦስቴ እውጥ ጀመር። ጋዜጣ በዕድሜው የደበቀው ወሬ ያ ብቻ ነው፤ አሁን እየመጣ አልጋዬ ሥር ያለቅሳል።

ማክሰኞ ሽንቴ እንደ ጥቁር ሻይ ሆነ። ጥማቱም አሸነፈኝና ጠጣሁ፤ የጠጣሁት ግን ይገባል እንጂ አይወጣም። ረቡዕ ያስመልሰኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ እግርሽ ማበጥ የጀመረ ጊዜ የተቆጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ትዝ ይልሻል? ሐሙስ ግድግዳ ተደግፌ፣ ተጣጥቤና አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ቀጠሮዬ ደረስኩ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሰማንያ ስድስት አለ። ከቅዳሜው በሁለት ኪሎ በልጦ! ነርሷ ተሳስታ ይሆናል ብዬ ወርጄ እንደገና ወጣሁ። ከዚያ ለምርመራ ሽንት አምጣ ብላ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ከሽንት ቤት ስመለስ ብልቃጡን በእጄ ሸፍኜ ነበር፤ እሷ ግን እጄን ገለጥ አድርጋ አየችውና ቀስ ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደህና አድርጌ አላስታውስም።

የኩላሊት ሐኪሙ ኋላ ሲያስረዳኝ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጡንቻህ ፈርሷል፣ ፍርስራሹ በደምህ ገብቶ ኩላሊትህን ዘግቶታል፤ ውኃ ቢያገኝ ያጥበው ነበር፣ ውኃውን ከለከልከው፤ ክኒኑ ደግሞ በቁስሉ ላይ ተጨመረ አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ስለ እኔ አልነበረም። ሲሻለኝ መስጠት እችላለሁ ወይ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ ቢመለስልህ እንኳ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳናይህ አንነካህም፣ ከዚያም በኋላ የሚፈቀድልህ አይመስለኝም አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም ነገር አይደለም። ዓመት ደግሞ አንቺ የለሽም፤ ይህን ቃል ስጽፍ ሁለት ጊዜ ወረቀት ለወጥኩ።

ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈ። አንገቴ ላይ ቱቦ አስገብተው ካንቺው ዓይነት ማሽን ጋር አጋጠሙኝ ብል አይገርምሽም? ያው ማሽን ነው፤ እንዳንቺው ሲሽከረከር ይንሿሿል። ብርድ ይለኛል ስትዪኝ ብርድ ልብስ ደርቢ እልሽ ነበር። አሁን ገባኝ፤ ያ ብርድ ከውስጥ ስለሚመጣ ድርብርቡ አያውቀውም። ቤት ስደርስ ሰው እንዳያናግረኝ ስትዪም ድካም ሳይሆን ኩራት መስሎኝ አኩርፌሽ አውቃለሁ። ውኃውም አሁን ተመትሮልኛል፤ በቀን ሁለት ብርጭቆ። አንቺ አራት ዓመት በዚህች ሁለት ብርጭቆ ስትኖሪ፣ እኔ ቧንቧ አጠገቤ እየወረደ ለሚዛን ብዬ ተውኩት። አጠገቤ የተኛው ሽማግሌ በረዶ መጥባት ጥማት ያስታግሳል ብሎ መከረኝ፤ አንቺ ድሮ የነገርሽኝን ነው።

ተስፋ አትቁረጪ ብዬ አልጽፍልሽም። ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ አንጀቴን የሚያቆስል ቃል ነው። ያሰብኩትን ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ፤ የአጎታችንን ልጆች፣ የሟች አባታችንን ወንድም፣ ሁሉንም ደውዬ ጠይቄአለሁ። አንዱ ታሟል፣ አንዱ ስልኩን አያነሣም፣ አንዷ አለቀሰችና ልጆች አሉኝ አለችኝ፤ አልፈረድኩባትም። ይቅር በዪኝም አልልሽም። ብልሽ ሳትውይ ሳታድሪ ይቅር ትዪኛለሽ፤ እሱን ደግሞ አልችለውም።

ይልቅ ሻንጣሽን ፍቺው። ልብሱ ታጥፎ ሲቆይ መስመሩ አይለቅም፤ ይህን እንኳ አውቃለሁ። ልጅሽ ለእናቴ ብላ የከተተችውን ሹራቧን መልሺላት፣ ብርድ መጥቷል። የጉዞሽን ቀን እየጠበቀች የቀን መቁጠሪያው ላይ ቀን መሰረዟን እንድታቆም አንቺ ንገሪያት፤ ባልሽ ይንገራት አትበዪ፣ እሱ አይችልም። እማዬን ግን ቀጠሮው ተራዘመ በዪያት። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ለእማዬ ጉልበቷን እስማለሁ በይልኝ፤ የምትልክልኝ ምርቃት ይድረሰኝ እንጂ ለምን እንደምፈልገው አትንገሪያት። እንደ ወንድሜ ለማየው ለሾፌሩ ባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ከመንገድ ሲመለስ እግርሽን ማየቱን እንዳይተው። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ሲጠይቅሽ ደህና ነው በዪው፤ ለእሱ መዋሸት ቀላል ነው። አንቺን ግን ያንን ግራ ክንድሽን ቀስ ብዬ እስመዋለሁ።

ሳላጥፈው አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ጠዋት ሊያየን የዞረው አዲስ ሐኪም ነበር፤ ታሪኬን አያውቅም። ወረቀቴን አገላብጦ፣ ኩላሊትህ እስካሁን ሥራ አልጀመረም፣ ካልተመለሰ የሚሰጥህ ሰው ከአሁኑ እናስብ፣ እህት ወይም ወንድም አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ አንዲት እህት አለችኝ አልኩት። እሱም በጣም ጥሩ ብሎ ወረቀቴ ላይ ጻፈው።

ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ
ኅዳር ፲፬ ቀን