እንቡጡን የቆረጥሁት እኔ ነኝ

ለእህቴ ለዓባይነሽ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? የፍልሰታን ጾም በሰላም ፈታችሁ ወይ? ብርዱ ጉልበትሽን እየነካካው እንደሆነ ከድምፅሽ ታውቆኛል፤ አንቺ ግን ደኅና ነኝ ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለሽም። በዚህ ከእኔ አትሻይም። ባለቤትሽ ካሳዬ ሳሉ ለቀቀው? ጣሪያው ማፍሰሱን ተወ? ላሟስ ወለደች? ከሁሉ በላይ የልጅ ልጄ ሄቨን እንዴት ናት? ትበላለች? በር ሲንኳኳ ዛሬም ትደነግጣለች? ይህን በየጊዜው የምጠይቅሽ መልሱን ስለማላምን ነው።

እኔ ወባ ጥሎኝ ነበር፤ አሁን ተነሥቻለሁ። ልጄ ሰገነትም ደኅና ናት፤ የእንግዳ ማረፊያዋ ሥራ አላጣም። ብዕር ያነሣሁት በስልክ የማይነገር ነገር ስላለ ነው። ስደውል ልጅቱ ጆሮዋን ቀስራ ከአጠገብሽ እንደምትቆም አውቃለሁ። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ አምለሰት ትባላለች፤ የሰገነት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ለዕረፍት ወደ ማርቆስ መምጣቷ ነው። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

ጉዳዩ የአበባ ጉዳይ ነው። አትሳቂ።

አምና ሐምሌ መባቻ እዚህ ጁባ ላይ የሆነውን ታውቂያለሽ። አንድ ነገር ግን አልነገርሁሽም። ሐሙስ ወደ ማታ ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰምቶ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሰገነት ለልጅቱ አውሮፕላን ላይ ቦታ አግኝታ፣ ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ ወደ አዲስ አበባ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ልትልካት በር ላይ ደርሳ ነበር። የከለከልሁ እኔ ነኝ። አንድ ቀን በተተኮሰ ጥይት ልጅ ከቤቷ አትወጣም፣ ምንም አይሆንም አልሁ። ሻንጣውን ከሰገነት እጅ ነጥቄ ወደ ውስጥ መለስሁት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ውጊያው ከተማው መካከል ገባ። አውሮፕላንም ቀረ። የዱቄት ማስቀመጫው ክፍል ወለል ላይ አራት ቀን ተኛን። በሦስተኛው ቀን አንድ ጥይት ቆርቆሮውን በስቶ ገብቶ ልጅቱ የተደገፈችውን ጆንያ መታው። ዱቄቱ ፊቷ ላይ ፈሰሰ። አላለቀሰችም። ዞር ብላ፣ አባባ፣ ምንም አይሆንም ብለህ ነበር እኮ አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሳስቻለሁ ብዬ ለሰገነት አንድም ቃል አልተናገርሁም። እሷም አልጠየቀችኝም። መንገድ ሲከፈት ልጅቱን ላንቺ ላክናት።

ዘንድሮ ቤቱ ተጠግኖ እንግዶች መመለስ ሲጀምሩ ሰገነት ለልጅቱ በስልክ ቃል ገባችላት፤ የአባባ ግቢ ሲያብብ መጥቼ እወስድሻለሁ አለቻት። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረችና፣ አባዬ፣ እንግዲህ ሥራው የእርስዎ ነው፤ በየክረምቱ እየሞተ የሚያናድደን አይሁን፣ ሥሩ ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ይምረጡ አለችኝ። አንቺ የላክሽው የአደይ ዘር ሙቀቱ አንገቱን አስረዝሞ እንደጣለው አይታለቻ።

ያን ሽፋኑ የተገነጠለ የአትክልት መጽሐፌን ታውቂዋለሽ። እሱ እንደሚለው አደይም፣ ኑግም፣ ሱፍም፣ አሪቲም፣ ጓሮሽ ያለው ግራዋም ሳይቀር የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። አንድ አበባ የሚመስለን ብዙ ጥቃቅን አበቦች ባንድ ራስ ላይ ተሰብስበው ነው። ካሳዬ አላምንም ካለ አንድ የኑግ አበባ ቀጥፎ ገንጥሎ ይየው። ይህ ወገን ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። የእኛ ግቢ አፈር ደግሞ ዝናብ ሲመታው እንደ ሙጫ ይይዛል። ስለዚህ የወንዝ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ መደቡን ከፍ አደረግሁት፤ ማንም እንዲያግዘኝ አልፈቀድሁም። እስከዚህ ያለው የአትክልተኛ ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የፈሪ ሥራ ነው።

ከዚያው መጽሐፍ፣ ሥሩ የሚዘልቅ ተክል ከዘር ሲበቅል በመጀመሪያው ዓመት ሥርና ቅጠል ይሠራል እንጂ አብዛኛው አያብብም የሚል አነበብሁ። ያን ቀን እፎይ ብዬ ዋልሁ። ሰገነት የትኛው ይፈጥናል ስትለኝ፣ እኔ በልቤ የትኛው ይዘገያል እላለሁ። ከናይሮቢ የመጣ፣ ኢኪናሺያ የሚሉት አበባ ዘር ፓኬት ላይ በሁለተኛው ዓመት ያብባል የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎ አየሁ፤ መዝገበ ቃላት ገልጬ በትክክል እንደዚያ ማለቱን አረጋገጥሁና እሱን መረጥሁ። ነጭ ቅጠልና ቢጫ እምብርት ያላትን ዴዚ የሚሏትንም ያዝሁ፤ እሷም ከዘር ስትሆን አትቸኩልም። ጋዛንያ የሚባለውን ግን በጥቂት ወር ያብባል ስለተባለ፣ ሙቀት ቢችልም፣ መልኩ አስቀያሚ ነው ብዬ ጣልሁት። መልኩ አስቀያሚ አይደለም።

ፓኬት ብቻ ይዤ ብገባ ሰገነት ትጠረጥረኛለች። ስለዚህ ማላኪያ ሰፈር ወዳለው ችግኝ ሻጭ ወደ ያህያ ሄድሁ። ጀርቤራና ክሪሳንተመም ከሚላቸው የአበባ ችግኞች ሁሉ ሁለት ሦስት ቅጠል ያላቸውን፣ የቀጨጩትን እየለየሁ ወደ አንድ ወገን ሰበሰብሁ። ያህያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያ ሐጅ፣ ሐበሻ ሁሉ ያበበውን ይወስዳል፣ አንተ ከሕሙማኑ ክፍል ትመርጣለህ አለኝ። ሥራህን ሥራ አልሁት። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ብሎ ጫነልኝ።

የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። ትንሽ በመሆናቸው ከዘር የበቀሉ ሕፃናት መሰሉኝ። ለካ ያህያ ከአሮጌ ተክል ሥር ገምሶ ያወጣቸው ናቸው። ተገምሶ የተተከለ ሥር ቁመቱ ያንሳል እንጂ ዕድሜው የእናቱ ነው፤ መሬት እንደያዘ ያብባል። ይህ መጽሐፌ ውስጥ የለም፤ ከሽፋኑ ጋር በሄዱት ገጾች ላይ ሳይኖር አይቀርም።

ሰኔ ሲያልቅ አንድ ጠዋት ጀርቤራው እምብርት ላይ ሽምብራ የምታህል እንቡጥ አየሁ። ተኩስ የሰማሁ ያህል ጎንበስ አልሁ። ዙሪያዬን አይቼ በጥፍሬ ቆረጥኋትና ኪሴ ከተትኋት። በማግስቱ ሌላ ወጣች። ክሪሳንተመሙም ተከተለ። ሰገነት ከመነሣቷ በፊት መደቡን መዞርና መልቀም የየጠዋት ሥራዬ ሆነ። እሁድ እሁድ ልጅቱ፣ አባባ፣ አበባው ወጣ ስትለኝ፣ ገና ነው እላታለሁ። አንቺ ከጎኗ ሆነሽ፣ አባባሽ ሰነፈ ብለሽ ስትስቂ እሰማሽ ነበር። እንቡጡ ኪሴ ውስጥ ነበረ።

ምን እንደሆንሁ ሳልደብቅ ልንገርሽ። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ዶማዬን ጥዬ ግንብ ሥር እወሸቃለሁ። የጎረቤት ጄኔሬተር ድንገት ሲጠፋ ዝምታው ያስፈራኛል፤ አምናም ከተኩሱ በፊት እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር። ባለፈው ወር ኮሎሎ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ደንግጦ፣ ስቆ፣ መንገዱን ሲቀጥል እኔ ቦይ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ ነበር። በሰባ ሁለት ዓመቴ። ወጣት ወታደሮች አንሥተው ልብሴን አራገፉልኝ፤ የእነሱ እጅ ሲነካኝ ይበልጥ ፈራሁ። ለሰገነት አዳልጦኝ ነው አልኋት። ከተማው አሁን ጸጥ ብሏል ይላሉ። እኔ ጸጥታውን አላምነውም፤ ልጅቱ እዚህ ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ባሰብሁ ቁጥር ያ ዱቄት ፊቷ ላይ ሲፈስ ይታየኛል።

ተክሉ ግን ከእኔ የባሰ ግትር ሆነ። ክሪሳንተመም ጫፉን ሲቆርጡት ከቆረጡበት በታች ሁለትም ሦስትም ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ እያንዳንዱም እንቡጥ ይይዛል። ሐምሌን ሙሉ በቆረጥሁ ቁጥር በዛብኝ። ነሐሴ ሲገባ ጠዋቱ አይበቃኝም ጀመር። በዚህ መካከል ወባው ጣለኝ፤ አንድ ሳምንት ከአልጋ አልወረድሁም። ብርድ ብርድ እያለኝ ዐስበው የነበረው ስለ ትኩሳቱ ሳይሆን ስለ መደቡ ነበር።

ትኩሳቱ በበረደልኝ ቀን በመስኮት ብመለከት መደቡ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል። ሰገነት አጠገቡ ቆማ አየኋት። ወደ ክፍሌ ስትገባ እጇ ላይ የደረቀ ነገር ይዛለች፤ ኮቴን ልታጥብ ወስዳ ከኪሱ ያወጣችው እፍኝ ሙሉ እንቡጥ ነው። አባዬ፣ ይህን ሁሉ የቆረጡት እርስዎ ነዎት አለችኝ። ነፍሳት በልቶት ነው አልኋት። ነፍሳቱ ኪስዎ ውስጥ ነው የሚያጠራቅመው አለችኝ። ልቆጣ አፌን ከፈትሁ፤ ቁጣው አልመጣልኝም። ፈርቻለሁ አልኋት። አምና ያንን ሻንጣ የመለስሁት እኔ ነኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ያ ጥይት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ አልኋት።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ግቢውን ለእርስዎ የሰጠሁት ለምን ይመስልዎታል አለችኝ። ቶሎ እንዲያብብ ብፈልግ ኖሮ ያህያን ጠርቼ ያበበውን ባንድ ቀን አስተክል ነበር፤ እርስዎ አንድ መደብ ለመደልደል ወር እንደሚፈጅብዎ አውቃለሁ፤ ነይ ልላት ፈራሁ፣ አትምጪ ልላትም ፈራሁ አለች። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለታችን ስንፈራ፣ ልጅቱ አበባ ስትጠብቅ ከረመች።

ያን ዕለት ተነጋግረን ጨረስን። ልጅቱ ወደ ጁባ አትመጣም። ለአራተኛ ክፍል እዚያው አስመዝግቢያት፤ ምዝገባው ሳያልፍ አሁኑኑ ሂጂ። ሰገነት ለመስቀል መጥታ ወር ያህል አብራት ትሰነብታለች። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቅም፤ አውቃለሁ ማለትም ትቻለሁ።

ለልጅቱ የሚነግራት ማን ይሁን በሚለው ግን ተጣላን። እኔ እናቷ ነኝ፣ እኔ እነግራታለሁ አለች። እምቢ አልሁ። ምንም አይሆንም ያልኋት እኔ ነኝ፤ ገና ነው ያልኋትም እኔ ነኝ። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ አንድ እሁድ ሳልደውል አልፎ ይሆናል፤ ሌላ ገና ነው የምልበት አፍ ስላጣሁ ነው። ነሐሴ ፳፰ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ እደውላለሁ። አበባው ከሰኔ ጀምሮ ወጥቷል፣ እየቆረጥሁ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ፣ አሁንም አትመጪም፣ አባባ ፈርቷል፣ ብዬ እነግራታለሁ። ዓባይነሽ፣ አራቱን ቀን ወለል ላይ ስተኛ እንዲህ አልፈራሁም። ከእንግዲህ የምለውን ሁሉ ባታምነኝ ምን አደርጋለሁ?

የምለምንሽ ይህን ነው። ለምኜሽ አላውቅም። አስቀድመሽ አትንገሪያት፣ ነገሩንም አታለዝቢው። ስልኩን ስትሰጪያት ወደ ጓዳ አትግቢ፣ ከአጠገቧ ቁሚ። ብታለቅስ ዝም በይ አትበያት። ስልኩን ብትወረውረው አትቆጪያት፤ አንሥተሽ ከጆሮዋ አጠገብ ያዢው። እኔ አልዘጋም።

ለካሳዬ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለሳሉ ጦስኝ በማር ይሞክር። ልጅሽ አክሊል ፈተናውን በማለፉ ደስ ብሎኛል በይልኝ፤ ግን መጽሐፍ ሲያነብ ገጹን አይጠፍ። ጎረቤትሽን እትዬ ሳሌምን እንዴት ነሽ በያት። ሰገነት ሁላችሁንም ትስማለች። ለሄቨን እዚህ ወረቀት ላይ ሰላምታ አልጻፍሁም፤ አስቀድማ እውነቱን ትስማና፣ ሰላምታዬን ከተቀበለችኝ በዚያው እሰጣታለሁ።

ወንድምሽ ጫኔ

ጁባ፣ ኒምራ ታላታ
ነሐሴ ፲፰ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.