መርዙን የቀበሩት፣ ረግረጉን የጠበቁት የአቶ ክንዱ ወልደኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ክንዱ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደኢየሱስ ተድላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል እንግዳ በጎንደር ከተማ፣ ቀሐ በሚባለው ሰፈር፣ በኅዳር ወር ፲፱፻፲፬ ዓ.ም. ተወለዱ። በአባታቸው ጉባኤ ዳዊት ደግመው ዜማ ጀምረው ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ግን የላቦራቶሪ ረዳትነት ተምረው በመንግሥት ሥራ ተቀጠሩ። በ፲፱፻፵፪ ዓ.ም. ወይዘሮ ይመኙሽ ቢያዝንን በተክሊል አግብተው ጽጌሬዳንና ዳኛውን ወለዱ።

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. አንበጣ ወገራን በወረረ ጊዜ፣ የመርዝ ዕቃ ቤት ኃላፊ ሆነው ሸንበቂት ወደምትባል የደጋ መንደር ተላኩ። መርዙ አርሰኒክ ሲሆን ከፉርሽካ ጋር እየተለወሰ በየሜዳው ይበተን ነበር። ዘመቻው ሲያበቃ አለቃቸው የተረፈውን ከጅረቱ በላይ እንዲቀብሩት አዘዟቸው። ቦታው እንደማይሆን እያወቁ ቀበሩት። በክረምት ጎርፍ ጉድጓዱን ከፈተው፤ ከጅረቱ የጠጡ ከብቶች አለቁ። ሕዝቡ የከብት በሽታ ነው አለ። አለቃቸው አፋቸውን እንዲዘጉ አስጠነቀቋቸው፤ እርሳቸውም ዘጉ።

ይሁን እንጂ ከመንደሩ መራቅ አልሆነላቸውም። ለምነው እዚያው ክሊኒክ ተመደቡና ውሃውን በጠርሙስ እየቀዱ ለምርመራ ይልኩ ጀመር። ጅረቱ ከመንደሩ በታች ወዳለው ረግረግ ሲገባ መርዝ አለበት፤ ሲወጣ ግን እጅግ አንሶ ተገኘ። አንድ ሐኪም እንዳስረዷቸው፣ አየር በማያገኘው ጭቃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው የእነርሱ ሥራ ነው። መርዙ ከዚያ ከሚሸተው ነገር ጋር ተጣብቆ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። አይጠፋም፤ ይታሰራል እንጂ። ጭቃው ከደረቀ እንደገና ይፈታል።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ባለርስቱ ረግረጉን አድርቀው ሊያርሱት ቦይ ማስቆፈር ጀመሩ። አቶ ክንዱ ምክንያቱን ሳይናገሩ ቢለምኑ የሚሰማቸው አጡ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ «ከብታችሁን የፈጀው በሽታ አይደለም፤ መርዙን በእነዚህ እጆቼ የቀበርሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ሁለት በሬዎቻቸው የሞቱባቸው አያ ፋንታሁን፣ «ምነው አራት ዓመት ሙሉ ዝም አልህ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ፈራሁ» አሉ።

ሰዉ መቆፈሪያውን ጥሎ ወጣ፤ ቦዩም ተደፈነ። አቶ ክንዱ ከሥራ ተሰናበቱ። ሽማግሌዎችም ውሃው እስኪጠራ ከመንደሩ እንዳይወጡ በመሐላ አሰሯቸው። እናታችን በ፲፱፻፶፰ ክረምት ሲያርፉ ለቀብር አልወረዱም። ይህን የምጽፈው ታናሽ እኅታቸው ሐረገወይን ነኝ፤ ለዚህ ነገር ብዙ ተቀይሜያቸው ነበር። ልወቅሳቸው ሸንበቂት ድረስ ብወጣ፣ በዝናብ ውስጥ ቆመው ከብት ከረግረጉ በላይ ካለው ውሃ እንዳይጠጣ ሲመልሱ አገኘኋቸው። «እታለም፣ እኔ ብወርድ እነዚህን ማን ይመልሳቸዋል?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ መርዙን የነኩት የእጆቻቸው ቆዳ እየደደረና እየቆሰለ ሄደ። ዘንድሮ በጥር ወር ታመው ሲወድቁ አያ ፋንታሁን በሽማግሌዎቹ ስም መሐላውን ፈቱላቸው፤ እስከ ማኪናው መንገድም በቃሬዛ አደረሷቸው። ጎንደር ከቀሩት ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ጋር ከመሐላው ወዲህ በአንድ ቤት ያደሩት ዐሥራ ሰባት ቀን ብቻ ነው። የካቲት ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን እኅታቸውን ትተዋል። ውሃው ገና አልጠራም። ዛሬ ከመካከላችን የቆሙት የሸንበቂት ሰዎች ረግረጉን በየሳምንቱ በተራ ሊጠብቁ ተማምለው መጥተዋል።

የታሰረውን የሚፈታ አምላክ ነፍሳቸውን ከፍርሃት አውጥቶ በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።