ጋሽ ቋጠሮ፣ የወደቡ ገመድ ሠራተኛ

ጋሽ ቋጠሮ ከጀልባ ጠራቢ አባታቸውና ከመረብ ጠጋኝ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ከወደቡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የገመድ ሠራተኞችን ተቀላቀሉ። ሥራው የደረሰን መርከብ ከመሬት ጋር ማሰር ነው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው እሳቸው የቋጠሩትን ከሳቸው በቀር የሚፈታው ስላልነበረ ነው፤ አለቃቸውም በዚህ ብዙ ጊዜ ተቆጥተዋቸዋል።

በ1968 ዓ.ም. የተወጠረ ገመድ ተበጥሶ የአጠገባቸውን ባልደረባ ሁለት እግሮች ቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ገመድ ሲወጠር ፊታቸው አመድ ይመስል ነበር፤ ሥራውን ግን አልተዉም። ልጅ በተጠቀለለ ገመድ መሃል ከቆመ፣ የልብስ ማስጫም ቢሆን፣ ብድግ አድርገው ያወጡት ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባዶ መርከብ እንዳይገለበጥ ሆዱ ውስጥ የሚሞላው ውኃ ባላስት ይባላል። ቁርስ ሳይበላ የሚወጣ ልጅ ካለ በር ላይ ቆመው "አንተ፣ ባላስት ሳትጭን ወዴት ነው?" ይሉ ነበር። ባለቤታቸውም "ወሬውን ተውና ዳቦውን አቀብለው" ይሏቸው ነበር።

ታላቁ ልጃቸው መርከበኛ ልሁን ሲል ለቀናት እህል አልቀመሱም። በኋላ ግን ሻንጣውን ራሳቸው አሰሩለት።

ባለፈው ክረምት የልጁ መርከብ በቀኑ አልደረሰም፤ ራዲዮውም ዝም አለ። በመርከብ ሰዎች ዘንድ ቀኑ ያለፈበት መርከብ "ዘገየ" ይባላል። "ጠፋ" የሚባለው የወደቡ ቢሮ ተስፋ ቆርጦ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጥፈው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የለም። ጋሽ ቋጠሮ በየጠዋቱ እስከ ቢሮው በር ይሄዱና ሳይገቡ ደጅ ይቀሩ ነበር። ባለቤታቸው ገብተው ፊደል እየቆጠሩ ሰሌዳውን ያነባሉ። "አልተለጠፈም" ሲሏቸው ነበር ትንፋሻቸው የሚመለሰው።

በዚህ መሃል ልባቸው ታመመ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዐረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው "ሰሌዳውን አየሽው?" የሚል ነበር።

ይህ ሲጻፍ ዘመድ ተሰብስቦ ታላቁ ልጅ እንደ ሟች ከአባቱ ጋር አብሮ ይታሰብ ብሎ ነበር። ባለቤታቸው እምቢ ብለዋል። ስለዚህ የቀሩት ቤተሰቦች እንዲህ ይነበቡ፦ ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ ትንሹ ልጃቸው፣ የዘገየው ታላቁ ልጃቸው።

ጋሽ ቋጠሮ ካረፉ ወዲህ ሰሌዳውን ያነበበ የለም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማዕበል በማይደርስበት ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸውም ነገ ያንን በር የሚገፉበትን ጉልበት ይስጥ።