የቤዛ የበረዶ ሞተር

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ባትሪ የለውም! ግማሽ ቀን ሆዱን ፈትቼ በርብሬ ያገኘሁት ይህንን ነው። የሚነሳው በገመድ ተስቦ ነው፣ እንደ ድሮ ጀነሬተር። ባትሪ በሌለው ነገር ላይ ዙሪያውን መብራት ግጠም ይሉኛል! ኧረ በማርያም!

ንዴቱ እንዲወጣልኝ ከመጀመሪያው ልጻፈው። አንዲት ልጄ ቤዛ እሑድ ትዳራለች። ኮሙኔ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሄደው የፈረሙት ባለፈው ሳምንት ነው፤ እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ድግሱ የምታገባው ጣልያናዊ ልጅ የተወለደበት መንደር ነው፣ አብሩዞ ተራራ ላይ። ከመንደሩ እስከ ምግብ ቤቱ ያለው ዳገት በክረምት በረዶ ስለሆነ መኪና አይወጣውም። ስለዚህ ሙሽራይቱ ሲመሻሽ በበረዶ ሞተር ትወጣለች። ሞቶስሊታ ይሉታል እዚህ፤ ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚሽከረከር ጎማ ያለው፣ ጆሮ የሚበጥስ ነገር። እሱ ደግሞ ማማር አለበት አሉ። በኤልኢዲ መብራት።

ሃያ ዓመት ኤሌትራውቶ ነኝ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ያለችው ጋራዤ ከፊያት የተለየ ነገር ገብቶባት አያውቅም። ቤዛ ደውላ «አባዬ፣ አንተ ካልሠራኸው ማንም አይነካውም፣ በጨለማ እወጣለሁ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እሺ አልኩ። ልጁ በመኪናው ተጎታች ላይ ጭኖ አመጣው፣ እኔ ቁልፉን ተቀብዬ ቦንጆርኖ አልኩት፣ አለቀ።

የልጁን ስም እዚህ አልጽፍም። ካኮረፍኩ አሥራ አንድ ወር ሆነኝ። ሽማግሌ አልላከም። እቤቴ ተቀምጦ ሰላጣ እየበላ፣ ቤዛ «ልንጋባ ነው» ብላ በጣልያንኛ ነገረችን፣ እሱ ፈገግ አለ፣ ዳቦ ቆረሰ። ሰው የልጁን ጋብቻ እንዲህ ይሰማል? እኔ ወይንሸትን ለማግባት ሽማግሌዎቼ አባቷ ደጅ አራት ጊዜ ተመላልሰዋል።

ወይንሸት ደግሞ ከቅዳሴ መልስ በጋራዡ በኩል አለፈችና እጄን አየች። ዛሬ አስተርእዮ ማርያም ነው ለካ።

«በማርያም ቀን መፍቻ ያዝክ?»

«ለገበያ አይደለም፣ ለልጅሽ ነው።»

«እሱማ ባሰ!» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ረቡዕ፣ ጥር 22

በራ! ግን ምን ዋጋ አለው። ሞተሩ ሲጮህ ይደምቃል፣ ሲረጋ ይርገበገባል፣ ዓይን የሚያሳምም ነገር። ከሞተሩ የሚወጣው ኃይል የተስተካከለ ስላልሆነ ነው። ማስተካከያ ገጠምኩለት፣ ከአንድ የተጣለ ስኩተር ላይ ትንሽ ባትሪ አውጥቼ ከመቀመጫው ሥር አሰርኩ። አሁን ረጋ። አንድ ድል እንበል።

የቀሩኝ፦

ፊውዝ።

ማብሪያ ማጥፊያ፣ ጓንት ያደረገ ጣት የሚያገኘው።

ሽቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ፤ ቢነካው ይቀልጣል።

መሪው ግራ ቀኝ ሲዞር ሽቦው እንዳይበጠስ ትንሽ ማላላት።

ትዕግሥት። እሱ ከየትም አይገዛም።

ቤዛ ሦስት ጊዜ ደወለች። መጀመሪያ ሐምራዊ ይሁን አለች። ቀጥሎ አይ ነጭ። ቀጥሎ ሐምራዊ ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ነጭ የሚሄድ። «ልጄ፣ ይሄ የሰርግ ሞተር ነው ወይስ የጭፈራ ቤት?» አልኳት። ሳቀች። በሳቋ ብቻ ነው የምታሸንፈኝ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ።

ልጁም ደወለ፤ አላነሳሁም። የዳገቱን ፎቶ ላከልኝ፣ በረዶው እስከ መስኮት ደርሷል። ከሥሩ «እዚህ በጣም ይበርዳል» ብሎ ጽፏል። በጥር ተራራ ላይ ሊሞቅ ኖሯል?

ሐሙስ፣ ጥር 23

ዛሬ የሆነውን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

እስከ ከሰዓት ድረስ ሁሉም አልቆ ነበር። የኤልኢዲ ጥብጣቡን በስኪዎቹ ጠርዝ፣ በጎንና ጎኑ፣ ከመቀመጫው በታች ዙሪያውን ለጠፍኩ። የጋራዡን በር ዘግቼ ሳበራው ግድግዳው ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። ብቻዬን ቆሜ «ጎሽ!» አልኩ። ጎረቤቴ ጎማ ቤት ያለው ሰውዬ መጥቶ በስልኩ ቀረጸው። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወይንሸት መጣች። በውሃ ፕላስቲክ ጠበል ይዛ።

«በማርያም ቀን የጀመርከው ነገር እንዲሁ ልጄን አይሸከምም» አለች። እኔ ምን ላድርግ? ጠበልን ማን ይከለክላል? ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ። ስኪውን ረጨች፣ መሪውን ረጨች፣ እኔን ረጨች። ቀጥላ መቀመጫውን ከፍ አድርጋ፣ «እዚህም ሥር» ብላ፣ መብራቱን በምታዝዘው ትንሽ ሳጥን ላይ በእፍኟ አፈሰሰችው።

ጧ! አለ። ትንሽ ጭስ ወጣ። ጨለማ ሆነ።

«አንቺ ሴትዮ! ምን አደረግሽ? የሁለት ቀን ሥራዬን እኮ ነው! ሰርጉ እሑድ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ጎማ ቤቱ ድረስ ተሰምቷል።

እሷ ክዳኑን ቀስ ብላ ዘጋችና አየችኝ። «ጠበል እኮ ነው፣ የባልዲ ውሃ አይደለም። ይህቺን ያልቻለ በረዶ ላይ ምን ሊሆን ነው?»

ሳጥኑን ፈትቼ በጨርቅ አደረቅኩት።

ለዚህ ደብተር ካልዋሸሁ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ጥብጣቡን የገዛሁት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ሱቅ ነው። የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚለጠፍ ዓይነት ነው። ካርቶኑ ላይ ለቤት ውስጥ ብቻ ይላል። አንብቤዋለሁ። ደንበኛ እንዲህ ያለ ዕቃ ቢያመጣልኝ «ወስደህ ኩሽናህ ውስጥ ለጥፈው» ብዬ የማባርር ሰው ነኝ እኮ!

ታዲያ ለምን ገዛሁ? ለዚህ ሰርግ ይበቃዋል ብዬ ነው። ኩርፊያ ነው። ልጄ ነጭ ለብሳ ዳገቱ መሃል ስትደርስ መብራቱ ድርግም ቢል፣ ሰው ሁሉ በጨለማ ሲፈልጋት፣ የልጁ ዘመዶች «አባቷ ነው የሠራው» ሲሉ ታየኝ። ይህንን ፈልጌ ነበር? አልፈለግኩም። ግን ካርቶኑን አንብቤዋለሁ። አፈርኩ።

ዓርብ፣ ጥር 24

ሁሉንም ገሽልጬ ጣልኩት።

በጠዋት ፊዩሚቺኖ ሄድኩ፣ ባሕሩ ዳር፣ የጀልባ ዕቃ የሚሸጥበት። የጀልባ መብራት በሲሊኮን የተሸፈነ ነው፣ ባሕር ውስጥ ብትነክረው አይሞትም። ሳጥኑንም ውሃ የማያስገባ አገኘሁ። ስመለስ ራኮርዶው፣ ሮምን የሚዞረው ቀለበት መንገድ ላይ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ልቤን አወለቀው።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ አሁን ደግሞ ማጣበቂያው። ሁለት ቀን ሲያስበኝ የነበረው ያቺ «በጣም ይበርዳል» ያላት መልእክት ናት። አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ጥብጣብ ለጥፌ እቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት፣ ወይንሸት ለሰርጉ ካዘጋጀችው ዶሮ አጠገብ። ምሳ በልቼ ሳወጣው በጣቴ ስነካው ተላቀቀ። ወይንሸት ደግሞ «ዶሮዬ ጎን ምን ቆሻሻ ነው ያስገባኸው?» እያለች ትጮኻለች። ትናንት ለጠበሉ ጮኼባት ስለነበር ማቀዝቀዣውን ራሴ ወለወልኩላት።

ስለዚህ ማጣበቂያ ብቻውን አይበቃም። በየስንዝሩ ማያያዣ፣ በብሎን። በብሎን ማለት ቀዳዳ ማለት ነው። ሞተሩ ደግሞ የልጁ የአጎቱ ነው። የሰው ንብረት ሳልጠይቅ አልበሳም።

ስልኩን አንስቼ፣ አስቀምጬ፣ አንስቼ፣ በመጨረሻ ደወልኩ። በአሥራ አንድ ወር የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ እኔ መሆኔን ሲያውቅ ድምፁ ቀጠነ።

የት የት ልብሳ ብዬ ጠየቅኩት።

«የፈለጉበት ይብሱት» አለ። «እርስዎ የሚያደርጉት ልክ ነው።»

ነገሩስ ከልብ ነበር። ቀጥሎ ነገ ጠዋት ለመውሰድ ይመች እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ይመቻል አልኩ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ሰዎች ይመጣሉ» አለ። እመጣለሁ አላለም፣ ይመጣሉ! ለራሱ ሰርግ ራሱ አይመጣም? ዘጋሁት። እንደገና ተናደድኩ።

ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ በሳሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ራሴ ውሃ በባልዲ አፈሰስኩበት። አልጠፋም።

ቅዳሜ፣ ጥር 25



ጠዋት ሦስት ሽማግሎች መጡ። የልጁ አባት፣ የሞተሩ ባለቤት አጎቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ የመንደሩን የስኪ ማመላለሻ ዕድሜውን ሙሉ ሲያንቀሳቅስ የኖረ፣ ሁሉ የሚያከብረው ነጭ ጢም ያለው ሰውዬ። ሦስቱም ከረባት አድርገዋል! ጋራዥ ዕቃ ለመጫን ከረባት! ልጁ የለም።

ፕሬጎ፣ ተቀመጡ አልኩ። አይ፣ እንቆማለን አሉ። ወንበሩ ዘይት ነክቶት ነው ብዬ በጨርቅ ወለወልኩት። እንቆማለን። ጋዜጣ አነጠፍኩበት። እንቆማለን። ደሜ ፈላ። የእኔ ወንበር ምን ሆነ? መብራቱን አበራሁላቸው፣ ሐምራዊው ቀስ ብሎ ወደ ነጭ ሄደ፣ አንዳቸውም በወጉ አላዩትም። ያ ሁሉ ብሎን! እጃቸውን አጣምረው መሬት መሬት ያያሉ።

ከዚያ አባትየው ጆሮው ቀልቶ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። መነጽሩን አደረገና ማንበብ ጀመረ። በአማርኛ። እየተንተባተበ፣ በሰው ቋንቋ ላይ እንደሚሄድ ሰው እየተጠነቀቀ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመለመን ነው የመጣነው።»

እኔ መፍቻውን ይዤ ቀረሁ። አንቀመጥም ያሉት፣ ከረባቱ፣ የልጁ መቅረት! ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ሙሽራውም አብሮ አይመጣም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ የጮህኩበት ነገር ጋራዤ ውስጥ ቆሞ እኔ ጋዜጣ አነጥፍለታለሁ! ቀና ስል ወይንሸት በሩ ላይ ቆማለች። አማርኛውን በጣልያን ፊደል ጽፋ የላከችላቸው እሷ ናት። ቤዛና ልጁ ናቸው አሉ የለመኗት። እንባዬን በዘይት እጄ ጠረግኩ፣ ፊቴ ጠቆረ።

ግን ወግ ወግ ነው። «እንግዲህ ከዘመድ ጋር እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አልኩ።

ወይንሸት «አንተ! ሰርጉ ነገ ነው!» ብላ ጮኸች።

ባለ ጢሙ ሰውዬ ግን አልደነገጠም። ተነግሮታል። «ስንት ጊዜ ነው የምንመላለሰው?» አለኝ በትሕትና።

«ቢያንስ ሁለቴ።»

እጅ ነስተው ወጡ። ጥግ ላይ ያለው ባር ገብተው ቡና ጠጥተው ተመለሱ። ገና እየመከርን ነው አልኳቸው። የትራሙን ፌርማታ ዞረው መጡ። ጎማ ቤት ያለው ጎረቤቴ ምን ዕዳ አለባቸው ብሎ ወይንሸትን ጠየቃት። በሦስተኛው አባትየው ላብ በላብ ሆኖ ቆመ፣ ወረቀቱን እንደገና ሊያወጣ ሲል አላስቻለኝም።

«ተቀመጡ» አልኩ።

አጎትየው የባትሪ ሳጥን ላይ፣ ባለ ጢሙ ጎማ ላይ፣ አባትየው የወለወልኩት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የአባትየው ሱሪ ዘይት ነካ። ማንም ግድ አልሰጠውም። ወይንሸት እልል አለች።

ሰኞ፣ ጥር 27

ተራራው ላይ ነን፣ ገና አልወረድንም። ጠዋት ነው። ሁሉም ተኝቷል፣ እኔ እግሬ ደርቆ ነቃሁ።

ትናንት ዳገቱ ሥር ሲመሻሽ በረዶ መዝነብ ጀመረ። እኔ ሙሽራ አላየሁም፣ ሳጥኑን ነው የማየው። ቤዛ በቀሚሷ ላይ የስኪ ጃኬት ደርባ መጣች። ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች፣ ከዚያ የእናቷን። ዳቪዴም ሳመ፣ በረዶው ውስጥ ተንበርክኮ፣ ሱሪው እስከ ጭኑ ራሰ። ዳቪዴ ነው ስሙ። መረቅኳቸው፣ በአማርኛ፣ ሁሉንም ቃል ረስቼ ሁለቴ ጀመርኩ።

ገመዱን ሳበ፣ ተነሳ፣ በራ። ወጡ። ዳገቱን ሙሉ ሐምራዊ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ፣ ሐምራዊ ሆኖ ላይ ደረሰ። አንዴም አልጠፋም። ወይንሸት «የጠበሉ ነው» አለች። ይሁንልሽ አልኳት።

ሆኖም በግራ በኩል፣ ከኋላ ሁለተኛው ማያያዣ ላልቶ ጥብጣቡ እንደ ጅራት ሲውለበለብ አየሁት። ሠላሳ ስድስት ብሎን አጥብቄ አንዷ! ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ እሷን አያለሁ። ማታ እራት ላይ ዳቪዴን ጠርቼ ነገርኩት፣ ሞተሩን ሮም አምጣው፣ ላጥብቅልህ አልኩ። መቼ ይመችዎታል አለ።

«በፈለግህ ጊዜ። ግን ራስህ አምጣው፣ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ።»