“ማንም አይጠራውም” ተብሎ ስለተጠረገው የአሳንሰራችን ኮድ

ለአሳንሰር ኩባንያው የፕሮግራም ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ ይብዛ፣ ወንበርዎ ይመቻች፣ ኮምፒውተርዎም አይንቀራፈፍ። እኔ በምድር ቤቱ የምኖረው ጡረተኛ አጎትዎ፣ ከአንገቴ በቀር ደኅና ነኝ።

የአንገቴ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሠራተኞችዎ የሕንፃችንን አሳንሰር ፕሮግራም አድሰው ሲሄዱ በሩ ላይ የለጠፉት ማስታወቂያ ወደ ግራ ተንጋዷል። አንገቴን አጋድዬ ሳነበው ያዩኝ ጎረቤቶች ሁሉ “እግዜር ይማርህ” እያሉኝ ያልፋሉ። ከእርስዎ ዓይነት ጥንቁቅ ክፍል የተንጋደደ ወረቀት ይወጣል ብዬ ስላልጠበቅሁ፣ ይህን ደብዳቤ ቀጥ አድርጌ ከጎኑ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

እግረ መንገዴን ግን ማስታወቂያው ምን እንደሚል ላንሳ። “ከዲበገር ሆኖ ፈንክሽን ለመጥራት የሚያገለግለው ኮድ ማንም ስለማይጠራው ተወግዷል” ይላል። ጎረቤቶቼ አንዱም አልገባቸውም፤ እንዲያውም የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ኮዱ ሰው መስሏት አዝናለች። ስለዚህ በእርስዎ ፈቃድ ላስረዳ። ፈንክሽን ማለት አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቅ የፕሮግራም ቁራጭ ነው፤ አንዱ በር ይከፍታል፣ አንዱ ደወል ይደውላል። ዲበገር ደግሞ እየሠራ ያለን ፕሮግራም ቀጥ አድርጎ አቁሞ ሆድ ዕቃውን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። እኔ በኩባንያው ቴክኒሻን ሳለሁ፣ አስተማሪ ሳይኖረኝ በመሳሳት ብቻ ተምሬ የጻፍኩት ኮድ፣ ፕሮግራሙ በቆመበት አንዱን ፈንክሽን ለይቶ በእጅ ለመጥራት ያስችል ነበር። አሳንሰሩ በሁለት ፎቅ መካከል ሲንጠለጠል ላፕቶፔን ከመቆጣጠሪያው ሣጥን ጋር በገመድ አገናኝና “ቅርብ ወዳለው ፎቅ ውረድ፣ በር ክፈት” የሚለውን እጠራለሁ። ይወርዳል፤ ይከፍታል፤ እኔም እመሰገናለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

፩ኛ. “ማንም አይጠራውም” የተባለውን በሚመለከት። የእርስዎ ጠራጊ ፕሮግራም የሚያየው ኮድ ኮድን ሲጠራ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምጠራው በጣቴ ሲሆን፣ ጣቴ በኮዱ ውስጥ አልተጻፈም። ስለሆነም “ማንም” የተባልኩት እኔ መሆኔ ነው። ኩባንያው በሥራ ላይ ሳለሁ አንድም የማዕረግ ስም ሰጥቶኝ አያውቅም፤ እርስዎ በጡረታዬ “ማንም” ብለው ስለሾሙኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

፪ኛ. በዚያው ኮድ የደወሉን ፈንክሽን መጥራትም ይቻል ነበር። አንድ የማላውቀው ሰው፣ ሰላምታ የሚነፍገን የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ በሚኖርበት በአምስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከምሳ በኋላ ጋደም በሚልበት ሰዓት ደወሉን ይደውል እንደነበር ሰምቻለሁ። ሰብሳቢያችን እንግዳ የመጣ መስሎት ፀጉሩን እያበጠረ ብቅ ይልና ባዶ አሳንሰር ተቀብሎ ይመለሳል። ይህ ንጹሕ መዝናኛ ያለ አንዳች ምትክ መቋረጡ ያሳዝናል።

፫ኛ. ዋናው ይህ ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ትኖራለች፤ የእኔ ታላቅ እህት፣ የእርስዎም ወላጅ እናት። ጉልበቷ ደረጃ አያስወርዳትም። አንድ ጊዜ ተንጠልጥላ ከቆየች ወዲህ ደግሞ፣ እኔ ታች ሣጥኑ አጠገብ ላፕቶፔን ታቅፌ ካልቆምኩና “ግቢ፣ እትዬ” ብዬ ካልደወልኩላት አሳንሰሩን እግሯ አይረግጠውም። ኮዱን ሲጠርጉ እህቴን ከነነፍሷ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቆልፈውብኛል። ለከተማው ሁሉ አሳንሰር የሚያስተካክሉት እርስዎ፣ የገዛ እናትዎን ሰቅለው መሄድዎ የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ያሰኛል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለው ተረትም ያለ ነገር አልተተረተም።

ደግሞስ፣ ሰው ያልተጠቀመበት ሁሉ ይጠረጋል እንዴ? በእህቴ በር ጀርባ ሰው ከተጫማው ብዙ ጊዜ የሆነው ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አለ። እሷ ግን በየጊዜው አቧራውን አራግፋ እዚያው ትመልሰዋለች እንጂ “ማንም አይጫማውም” ብላ አልጣለችውም።

ዛሬ ከሰዓት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራት። እኔም ለዚህ ደብዳቤ መልስ እስኪመጣ ድረስ ንቅንቅ እንዳትል አዝዣታለሁ። እንግዲህ ዓይኗ ቢደክም ተጠያቂው ማን እንደሚሆን በታላቅ ትሕትና ለመጠየቅ እወዳለሁ፤ በተለይም ደግሞ

ይቅርታ፣ በር እየተንኳኳ ነው።

እህቴ ናት። የክት ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ብቻዋን። ሰው የተሸከማት መስሎኝ ከኋላዋ ብፈልግ ማንም የለም። አራተኛ ፎቅን እንዳለፈ አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ቀጥ አለ አለችኝ። እሷ ስሜን ለመጥራት አፏን ሳትከፍት ግን ራሱ ቀስ ብሎ ሦስተኛ ላይ ወረደና በሩን ከፈተላት። ወጣች፤ አየችው፤ ተመልሳ ገባች። ምነው ሳትነግሪኝ ብላት፣ “አንተ ጽፈህ እስክትጨርስ እኔ ልታወርልህ? ተነስ፣ ጫማህን አድርግ!” አለችኝ።

ለካ አዲሱ ፕሮግራምዎ አሳንሰሩ ሲንጠለጠል ያለ ጠሪ ራሱ ያወርደዋል፤ የጠረጉት ኮዱን ብቻ አይደለም፤ እኔን ያስጠራ የነበረውን ምክንያት ጭምር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሆነና፣ እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ቀርቻለሁ። እህቴ ደጃፌ ላይ ቆማ መሬቱን በእግሯ እየመታች ስለሆነ፣ ቀሪ ቅሬታዎቼን ራሴው ጠርጌያቸዋለሁ።

አክብሮቴ ከዘጠነኛ ፎቅ ዝቅ የማይል፣
የቀድሞ ቴክኒሻን፣ በአዲሱ ሹመቴ “ማንም”፣
አጎትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅ ያቦካው ያልኩትን አንስቻለሁ፤ በልቼ ጠግቤያለሁ፣ የኔ ልጅ። ማስታወቂያሽን ግን አላቃናሁልሽም፤ ራስሽ መጥተሽ አቅኚው። ሰማያዊው ነጠላ ጫማም የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እናትሽ በመስኮት መንገድ መንገዱን ስታይ ዓይኗ ቢደክም ሐኪሙ ምን ያደርግላታል? አሳንሰርሽ እኮ ወደ ላይም ይወጣል።