ዴራ ላይ አርባ ደቂቃ

አዳማ፣ የካቲት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኤባ ገርባ
ሰመራ

ይህ ወረቀት በጤና፣ ደግሞም በጥላ ሥር ያግኝህ። ጥላ ያልኩት የሰመራን ፀሐይ ሰዎች ስለነገሩኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ ግፊቴም ክኒኑን በሰዓቱ ስውጥለት ይታዘዛል። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ነው። እጁን ታጥቦ እንዲይዘው ነግሬዋለሁ፤ ፖስታው ላይ የቅባት ጣት ካየህ ጻፍልኝ።

ስደውልልህ "ደህና ነኝ እማዬ፣ ኔትወርክ የለም" ብለህ ትዘጋለህ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም። ደግሞ የምነግርህን በስልክ ብናገረው ድምፄ መሃል ላይ ይበላሽብኛል። በጽሑፍ ግን በአዳሪ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ኅዳጉን ጠብቄ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል አስረዳሃለሁ።

የአባትህ ፒካፕ የፍሬን ዲስክ እንደገና ተጣመመ።

አትደንግጥ፤ የተጎዳ ሰው የለም። አንተ በምትክህ ትተህልኝ የሄድከው ሚኪያስ እንደ አንተው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሰላ ድንች ጭኖ ይመጣል። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የሁለት ልጆች አባትም ስለሆነ አይጣደፍም። ከጥር አጋማሽ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወደ ግቢ ሲገባ መሪው በእጁ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በመስኮት አየሁት። ፍሬን ሲይዝ ፔዳሉ እግሩን መልሶ እንደሚመታው ነገረኝ። ይህንን ንዝረት አውቀዋለሁ። በአንተ ጊዜ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ቶርኖ ቤት አስላጥነው፤ ሁለተኛ አዲስ ዲስክ አስገባን፤ ሦስተኛ ያንኑ አዲሱን ቀየርነው። ይኸው አራተኛው። አሁን ግን ፍሬኑ ላይ ያለው እግር የአንተ አይደለም።

ሦስተኛው ጊዜ ምን እንዳልኩህ አንተም እኔም እናስታውሳለን። መካኒኩ ዘካርያስም ያስታውሳል፤ መኪናው ሥር ተኝቶ ነበርና። "እግርህ ፍሬን ላይ ይተኛል" አልኩህ። እዚያ ላይ ባቆም መልካም ነበር። አንተ ዝም አልክ፤ ዝምታህ አናደደኝና "የወለደህ አባት መኪና ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትጫወትበትም ነበር" አልኩህ። ዘካርያስ መፍቻው ከእጁ ወደቀበት። አንተ እጅህን በጨርቅ ጠረግህ፣ ቁልፉን ኮፈኑ ላይ በቀስታ አስቀመጥክ፣ በሳምንቱ ሰመራ የውሃ ቦቴ ትነዳ ነበር።

አሁን ወደ አራተኛው ልመለስ። ዘካርያስ ዲስኩን ፈቶ ፀሐይ ላይ አገላብጦ አየው። ሰማያዊ ሰማያዊ ጠቃጠቆ ነበረበት።

"እትዬ ተሻለች፣ ይሄ የእግር ሥራ አይደለም" አለኝ።

"የምን ሥራ ነው ታዲያ?"

"የውሃ። ከኢተያ ቁልቁለቱን ጭነት ይዞ ሲወርድ ዲስኩ እንደ ፍም ይግላል። እንደዚያ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ካገኘው ይጣመማል። አንድ ሰው ትኩሱን ያጥበዋል።"

"እኔ ግቢ መኪና አይታጠብም።"

"እርስዎንማ ማን ጠረጠረ!" ብሎ ወደ ሚኪያስ ዞረ። "ስማ፣ የት ነው የምታጥበው?"

"እኔ አላጥበውም" አለ ሚኪያስ ጫማውን እያየ።

"ታዲያ ራሱን ነው የሚያጥበው?"

"አዴ ቡዜ ናቸው የሚያጥቡት። ዴራ ያሉት።"

ኤባ፣ ያ ስም በቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይጠራ የኖረ ስም ነው። በዘይት ሽታ መሃል፣ በሰው አፍ፣ ያውም እንደ እናት "አዴ" ተብሎ ሲጠራ ስሰማ የምይዘው ነገር ፈልጌ የመኪናውን በር ያዝኩ። ሚኪያስ አንዴ ከጀመረ አላቆመም። ኤባ አደራ ብሎኝ ነው አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገባ ብዬ የግፊት ክኒናቸውን እንዳደርስላቸው ነው አለ። ቤት ገብቼ የክኒኔን ካርቶን ለሚኪያስ አሳየሁት። "የእሳቸውም ይሄው ነው፣ ከዚሁ ፋርማሲ" አለኝ። የሁለታችንን ክኒን በአንድ ቀን ከአንድ መስኮት ትገዛ ኖሯል። ግፊታችን እንኳ አንድ ነው።

የጉዲፈቻህን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በጥድፊያ ነበር የነገርኩህ። የዘለልኩትን ዛሬ ልጻፈው። ለእኔና ለአባትህ ልጅ አልሆነልንም። የአባትህ የአጎት ልጅ ሞቶ ሚስቱ ቡዜ ከስድስት ልጆች ጋር አንተን ታቅፋ ቀረች። ሽማግሌዎች ተቀምጠው መረቁ፣ ስምህም በገርባ ስም ተጠራ። በወጉ ቡዜ እየመጣች ልታይህ ትችል ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት "ቤቴ እንዳትመጣ" ብዬ ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ። አባትህ በዚያ ቀን አፍሮብኛል፤ እስኪሞት ድረስ ግን አላነሳብኝም። እሷ "እሺ" አለች። እሺ እንዳለችም ቀረች፤ በደጄ እንኳ አንድ ቀን አላለፈችም። እኔ ልጇ ያልናፈቃት ሴት አድርጌ ቆጠርኳት። እንዲያ ማሰቡ ይመቸኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ከሚኪያስ ጋር አሰላ ሄድኩ። አዎ፣ በሰባ ሦስት ዓመቴ፣ በፒካፕ። ሚኪያስ ከወገብ ትራስ ጋር አሳፈረኝ። ስንመለስ ዴራ ላይ ከአስፋልቱ ወጥቶ በግራር አጥር ፊት አቆመ። አንዲት ቀጭን ሴት ባልዲ ይዛ ትጠብቃለች። ውስጥ ማን እንዳለ እንኳ አላየችም፤ ሰላምታም ሳትሰጥ፣ ሚኪያስም ወርዶ ሳይከለክላት፣ በቀጥታ ወደ ፊተኛው ጎማ ሄዳ ውሃውን ደፋችው። ጭሽ አለ፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው።

በሩን ከፍቼ "ባልዲውን አስቀምጪ!" አልኳት። እውነቱን ልንገርህ፣ ስለ ዲስኩ ብቻ አልነበረም የጮህኩት።

እንፋሎቱ ሲበተን አየችኝ፣ ወዲያውም አወቀችኝ። ባልዲው ከእጇ አልወረደም።

"ልጅሽ ምን ሆነ?" አለች። "ተሻለች፣ ልጅሽ ደህና ነው?"

ለጠብ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ከአሰላ ጀምሮ በልቤ እያረምኩት የመጣሁት። ባልዲውን እንደያዘች መልሴን ስትጠብቅ አይቼ "ደህና ነው፣ ሥራ ላይ ነው" ብቻ አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው ባልዲውን አስቀምጣ "አካም ጅርታ"፣ እንዴት ነሽ፣ ብላ የሳመችኝ። አንቱ አላለችኝም፤ እንደ እህት አንቺ አለችኝ። ልቆጣ አስቤ ጊዜው አለፈኝ።

ቤቷን አየሁት። የምነቅፈው ነገር ብፈልግ አጣሁ፤ ወለሉ ከእኔ ሳሎን ይጸዳል። በመስኮቱ በኩል ትራስ የተነጠፈበት አንድ ወንበር አለ። ሚኪያስ ዞሮ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ የማን እንደሆነ ገባኝ፤ ሄጄ ተቀመጥኩበት። እርጎ አቀረበችልኝና "ኤባ ሁለት ብርጭቆ ነው የሚጠጣው" አለችኝ። እኔ ቤት እኮ እርጎ ሆዴን ያመኛል ትላለህ! ስትስቅ ደግሞ አፏን በእጇ ጀርባ ትሸፍናለች። ይህ ከልጅነትህ ጀምሮ ስቆጣህ የኖርኩበት ነገር ነው፤ "እጅህን አውርድ፣ ጥርስህ ምን ሆነ?" እያልኩ። ከየት እንዳመጣኸው አሁን አየሁ። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

"መኪና እጠቢ ያለሽ ማነው?" አልኳት በመጨረሻ።

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ?"

"ልጅሽ ነው የነገረኝ። እማዬ ጭቃ ያለበት መኪና ግቢ አታስገባም፣ በር ላይ ቆማ በነጭ መሐረብ ጠርጋ ታያለች አለኝ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። መጀመሪያ መጀመሪያማ ሳይቀመጥ ነበር የሚሄደው። አዳማ ላቫጆ ሄጄ አንድ ሰዓት ወረፋ ልጠብቅ ነው፣ ከዘገየሁ ትጠረጥራለች ይላል። እኔ ልጠብልህ፣ አንተ እሱን ጊዜ ቁጭ በል አልኩት። ምነው፣ በእኔ የተነሳ ተቆጣሽው እንዴ?"

አየህ? አራቱንም ጊዜ ዲስኩን ያጣመመው መሐረቤ ነው።

የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ምን እንደሚያደርግ ነገርኳት። በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። "ዋቃዮ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ልጅሽ እኮ አንድ ቀን ተይ አላለኝም!" አለች። እኔም ከዚያን ሰዓት ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው። አንተ አሥራ ሁለት ዓመት የነዳህ ሾፌር ነህ። ውሃው ዲስኩን እንደሚጎዳው ታውቅ ነበር። ባልዲውን ከእጇ መቀበል አልቻልክም፤ ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ የእኔን ስድብ ተሸክመህ ዝም አልክ። ለእሷ ብለህ እኔን ተሸከምክ። ለእኔ ብለህስ ማንን ትሸከማለህ? ይህንን ጥያቄ ሦስት ቀን ሳመላልሰው ቆይቼ፣ ምናልባት ዝምታህ ለእኔም ጭምር እንደነበር ደረስኩበት። ዴራ እንደምትገባ ብትነግረኝ ምን እንደምሆን ታውቃለህና። ቢሆንም ተናድጄብሃለሁ። ንዴቱ እንዲያልፍልኝ አልጠብቅም፤ አንተ ስትመጣ ያልፋል።

ሰመራ ለምን እንደሄድክ ስትጠይቀኝ "የተሻለ ሥራ አግኝቶ" አልኳት። አንተም ያልካት ይህንኑ ነው አለችኝ። ሳንመካከር አንድ ውሸት ዋሽተናል።

ከመነሳታችን በፊት የዘካርያስን ምክር ነገርኳት፦ መኪናው እንደደረሰ ቢያንስ አርባ ደቂቃ ይቁም፤ ቸርኬውን በእጅ ነክቶ ካላቃጠለ ያኔ ይታጠባል።

"አርባ?" አለች። "ኤባ እኮ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚቀመጠው። እማዬ ትጠብቀኛለች እያለ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው።"

መንገዱን ሙሉ ሂሳቡን ሠራሁት። ዲስኩ እንዲተርፍ አሥራ አምስቱ አርባ መሆን አለበት። ሌላም መፍትሔ ነበር፤ አልደብቅህም፣ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ጭቃውን እኔ ልቻለው፤ መኪናው ሳይታጠብ ይምጣ፣ ቡዜም ባልዲዋን ትሰብስብ። ዲስኩ ይድናል፣ አንተም በጊዜ ትመጣለህ። ወንጂ መገንጠያ እስክንደርስ በዚሁ ጸንቼ ነበር። ከዚያ ያቺ ሴት ያን ሁሉ ዓመት ጠብቃ ያገኘችው ሥራ ጎማ ማጠብ ብቻ እንደሆነ ታየኝ። እሱንም ለእኔ መሐረብ ብላ ነው የምትሠራው።

ትናንት ዘካርያስ ጋ ሄጄ ነበር። በእሱ ፊት የተናገርኩት ስለሆነ በእሱ ፊት ማንሳት ነበረብኝ። "ያን ቀን ለኤባ ያልኩት ቃል ሐሰት ነበር" አልኩት። "የትኛው ቃል እትዬ?" አለኝ። ያውቀዋል፤ እንድደግመው ፈልጎ ነው። ደገምኩት። "መኪናው የአባቱ ነው፣ አባቱም ገርባ ነው" አልኩት። "ይሄንን ለእሱ ይጻፉለት" አለኝ። ይኸው ጻፍኩልህ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ።

አዲሱ ዲስክም ትናንት ገብቷል። የሚከተለውን እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ መኪና አያያዝ መመሪያ ቁጠረው። ሥራህን በወጉ አስረክበህ ና። ከአሰላ ስትመለስ ዴራ ትገባለህ፤ አርባ ደቂቃ ትቀመጣለህ፤ ከዚያ ይታጠባል። አርባ ነው ያልኩት፣ አንድ ሰዓት አላልኩም። እዚያ ሁለት ብርጭቆ እርጎ ከጠጣህ እኔም ቤት ሁለት ትጠጣለህ፤ ሆዴን አመመኝ የሚል ወሬ አልሰማም። ወንበሩ በመስኮት በኩል ንፋስ አለው፣ ጀርባህን ሸፍን። መሐረቡን አጥቤ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ለዘለዓለም ነው ማለቴ ግን አይደለም።

የበረሃው መንገድ ይቅለልህ። እግዚአብሔር ከፊትህ ይምራ፣ ከኋላህ ይጠብቅ። የአባትህ ምርቃት አይለይህ፤ የእኔም፣ በዴራ በኩል ያለውም።

እናትህ፣ የአዳማዋ
ተሻለች ማስረሻ